ጉድለት አልተገኘበትም

ታላቅየዋ ነገሩን የሰማችው ከኮሪደሩ መደርደሪያ ሥር ጎንበስ ብላ የግራ ጫማዋን ስትፈልግ ነው። እናትየው ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ የምታወራው ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ በስልክ የሚነገር ምስጢር የለም፣ ከታች ያለችው ጎረቤት እንኳ የማሙሽን ድምፅ ለይታ ታውቀዋለች። «እማዬ፣ እሷን አትስሚያት አልኩሽ እኮ» ይላል ማሙሽ። «አንቺ ምንም አልሆንሽም። እሷ ልጅ ስላልወለደች ነው፤ የሰው ልጅ ስታይ ሆድ ይብሳታል፣ ምን ታድርግ። አንቺን ለብቻዋ ይዛ መኖር ለምዳለች።» እናትየው «እሺ ማሙሽዬ፣ እሺ የኔ ጌታ» ትላለች። ማሙሽ የሚባለው ሰውዬ ሆዱ ከቀበቶው በላይ የተረፈ፣ ፀጉሩ ከፊት የሸሸ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሰው የሚፈራው ጎልማሳ ነው፤ እቤት ግን ማሙሽ እንደተባለ ቀርቷል። ታላቅ እህቱ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ፣ አንዱን በካልሲ እንዳደረገች ቆማ ቀረች። በጣም ከፋት። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ እንዲያ ባልከፋት፤ ያንን ሰውዬ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሙሽ ሚስት የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ደህና ሞግዚት ቢያፈላልጉ የሚጠየቀው ዋጋ ከሚስትየዋ ደሞዝ ጋር የሚፎካከር ሆነባቸውና ባልና ሚስት «አያቱ እያለችለት!» ብለው ተስማሙ። ከሰኞ ጀምሮ ማሙሽ ጠዋት ጠዋት እናቱን በመኪናው ወስዶ፣ ከሕፃኑ ጋር ትቷት ሥራው ሊሄድ ነው። ታላቅየዋ አይሆንም አለች። እማዬ ትረሳለች አለች። ማንቆርቆሪያ ጥዳ፣ ውኃው አልቆ ብረቱ እስኪቀላ ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሬዲዮ ስታዳምጥ አግኝቻታለሁ አለች። ዳቦ ልግዛ ብላ ወርዳ፣ ከጎረቤት ሕንፃ የሰው በር በቁልፏ ስትታገል ዘበኛው እጇን ይዞ አመጣት አለች። ማሙሽ ሳቀ። «እኔስ ባለፈው መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ጠፍቶኝ የለ? በሉ እኔንም አስታምሙኝ!» አለ። ደግሞ አይፈረድበትም፤ እሱ በመጣ ቁጥር እናቱን የሚያገኛት ፏ ብላ ነው። ስሙን ትጠራለች፣ ሚስቱን አገላብጣ ትስማለች፣ ስለ ሥራው ትጠይቃለች። ሐኪም ጋም ተሄዶ ነበር፤ ሐኪሙ ጠያይቆ ጠያይቆ «ለዕድሜያቸው በጣም ጎበዝ ናቸው» ብሎ በፈገግታ ሸኛቸው።

«ማን ነበር የደወለው እማዬ?» አለች ታላቅየዋ፣ ጫማዋን አግኝታ እያሰረች። እናትየው ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ትንሽ አሰበች። «የሆነ ሰው ነው፤ ደህና ሰው ነው» አለች። ቀጥላም «ሻይ ሳትጠጪ ልትሄጂ ነው? ባዶ ሆድሽን!» ብላ ወደ ኩሽና አቀናች። ታላቅየዋ ተከትላት ገባች፣ ሻዩን ቆማ ጠጣች፣ የጋዙን ዋና መዝጊያ ዘጋች፣ የበረንዳውን በር ቆለፈች፣ ስትወጣ ቁልፉን ለታች ቤቷ ጎረቤት ሰጠች። ጎረቤቲቱ በየመሀሉ ብቅ እያለች ታያታለች። «ማታ ማሙሽና ሚስቱ ይመጣሉ፤ የሰኞውን ሊጨርሱ» አለቻት ታላቅየዋ። ጎረቤቲቱ ማሙሽ ጠዋት ያለውን ሁሉ ሰምታለች፤ ግን «ይምጡ እስቲ» ብቻ ብላ ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ ከተተች።

የሥራ ቦታዋ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጋር የተጠጋ ረጅም ሕንፃ ነው። አቧራ እንዳይገባ ሲባል መስኮቶቹ አይከፈቱም፤ አውሮፕላን ሲነሣ መስታወቱ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እዚያ የሚጠገነው በአብራሪዎቹ ፊት የሚገጠመው ስክሪን ነው፤ ከፍታውን፣ ፍጥነቱን፣ የአውሮፕላኑን ዘንበል ቀና ማለት የሚያሳየው። ዘመድ አዝማድ ግን «ቴሌቪዥን ሠሪ ናት» ይላታል፤ የተበላሸ ቴሌቪዥኑን በአንሶላ ጠቅልሎ ይዞላት ከች ያለ አጎትም አይጠፋም። ጠረጴዛዋ ጋ እንደተቀመጠች የእጅ ማሰሪያዋን አጠለቀች። ከሰው ገላ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ደቃቆቹን ዕቃዎች እንዳይገድላቸው ከጠረጴዛው ጋር የሚያያይዝ ገመድ አለው። ከጎኗ የሚሠሩት ሽማግሌ፣ ሁሉም ሰው ጋሽዬ የሚላቸው፣ ጠዋት ጠዋት «ታሰርሽ?» ይሏታል፤ እሷም «ታሰርኩ» ትላለች። ዛሬ አልመለሰችላቸውም። ጋሽዬ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

ፊቷ የተቀመጠው ስክሪን የታወቀ ደንበኛ ነው፤ ሲመጣ ይሄ ሦስተኛው ነው። የአብራሪው ቅሬታ አብሮት ይመጣል፣ ቃሉም አይለወጥም፤ ከተነሣን ጥቂት ቆይቶ ይጨልማል፣ ልናርፍ ስንወርድ ራሱ ይመለሳል። ሁለቱንም ጊዜ የመረመረችው ታላቅየዋ ናት። ከፍታዋለች፣ ለክታዋለች፣ ግማሽ ቀን አብርታ ቁጭ ብላ ጠብቃዋለች። ስክሪኑ ቀለማቱን ደርድሮ ቁልጭ ብሎ አያት እንጂ አንዴም ዓይኑን አልጨፈነም። በክፍሉ አነጋገር «ጉድለት አልተገኘበትም» ተባለና ተመለሰ። አሁንም ጋሽዬ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩትና «እኔ የምለው፣ አብራሪውን አስመጥተን እሱን ብንፈትሸው አይሻልም?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። አለቅየው በበሩ ብቅ ብሎ «ያ ነገር ዛሬ መሄድ አለበት፤ አውሮፕላኑ ቆሞ እየጠበቀ ነው። እንደ ባለፈው ፈትሺና ልቀቂው» አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን እሷም ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን የአብራሪውን ቃል ደግማ አነበበችና ነገሩ ከነከናት። የማታውቀው ሰው ነው፤ ያየውን ተናገረ፣ አልታመነም፤ ደግሞ ተናገረ፣ አልታመነም። «ይሄ ሰውዬ ለምን ይዋሻል?» አለች ጮክ ብላ።

«ማን ውሸታም አለው?» አሉ ጋሽዬ።

«እኔ ነኛ! ሁለት ጊዜ።»

እዚያ ክፍል አንድ ልማድ አለ። የስክሪን ክዳን ተከፍቶ ሊበራ ሲል የጠረጴዛ ማራገቢያ ይከፈትለታል። ያስለመዱት ጋሽዬ ናቸው፤ ድሮ አንድ ስክሪን ጠረጴዛቸው ላይ ግሎ ግሎ ዓይናቸው እያየ ተቃጠለባቸውና፣ ከዚያ ወዲህ በየጠረጴዛው አንዳንድ ማራገቢያ ተተከለ። መመሪያው ላይ የለም፤ ግን ማንም ሰው ወንበሩን ሳይስብ በፊት ማራገቢያውን ይጫናል። ለዕቃው ማዘን ነው፣ ሌላ አይደለም። ታላቅየዋም ስታወራ ጣቷ ሳታውቀው ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። እዚያው ቆመ። አውሮፕላን ላይ ስክሪኑ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ግራ ቀኙ በሌላ መሣሪያ ተጣቦ፣ ከኋላ በምትመጣ ቀጭን አየር ብቻ ነው የሚሠራው። እዚያ የሚያራግብለት ሰው የለም። ጣቷን አነሣች። ክዳኑን መልሳ ገጠመች፣ ብሎኑን አጠበቀች፣ ጎንና ጎኑን በሌሎች ስክሪኖች አስጠጋችና አበራችው።

«እመቤት፣ ምን ሆነሻል ዛሬ? ልትጠብሺው ነው?» አሉ ጋሽዬ።

«አዎ ጋሽዬ፤ እስኪናገር ድረስ።»

ጠበቀች። ቀለማቱ አልተነቃነቁም። አለቅየው አንዴ መጣ፣ ሰዓቱን አይቶ ተመለሰ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ክፍሉ ሲወጣ እሷ ከነማሰሪያዋ ቁጭ አለች። ጋሽዬ ብርቱካን አምጥተው በሩ ላይ ቆመው አሳዩዋት፤ ውስጥ መብላት ክልክል ስለሆነ ራሷን ነቀነቀች። እጇን ክዳኑ ላይ ስታደርግ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ይሞቃል። ምናልባት እኔው ልሆን እችላለሁ የተሳሳትኩት ብላ አሰበች፤ ማሙሽም ምናልባት እውነቱን ይሆናል፣ ምናልባት ከፍቶኝ ይሆናል እንዲያ የማየው። እንዲህ እያለች ሳለ ስክሪኑ ጨለመ። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ፣ ብቻ ድርግም። «ጋሽዬ ይምጡ!» አለች። ጋሽዬ ብርቱካናቸውን ኮሪደሩ ላይ ጥለው መጡና የጠቆረውን መስታወት ትክ ብለው አዩት። «ምን ጉድ ነው!» አሉ ቀስ ብለው።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ክዳኑን ቶሎ አነሣች፣ በቆርቆሮ የሚመጣውን የሚያቀዘቅዝ ርጭት ይዛ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገች። ጥግ ላይ ያለችውን አንዲት ጥቁር ዕቃ ርጭቱ ሲነካት ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። በማጉያ መነጽር ሲታይ ከእግሯ ሥር ብየዳው ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከፀጉር ይቀጥናል፣ ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲበርድ ይዘጋል። አሮጌውን ብየዳ አንሥታ አዲስ አደረገችለት፣ ዘጋችው፣ እንደገና ያለ ማራገቢያ አጋለችው፤ አልጨለመም። አለቅየው ሲሰማ መጀመሪያ ደስ አለው፣ ቀጥሎ ግን ግንባሩን ቋጠረ። «ሁለት ጊዜ ጤነኛ ነው ብለሽ የላክሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። እያራገብንለት ምን ብሎ ይታመም?» አለች።

ጋሽዬ ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው የራሳቸውን ማራገቢያ ድርግም አደረጉት። ትንሽ ቆይተው የራሳቸው ስክሪን ስላሳዘናቸው መልሰው ከፈቱት።

አውቶቡሱ እንደ ወትሮው ጢም ብሎ ነበር። ታላቅየዋ ብረቱን ይዛ ቆማ፣ ማሰሪያው አንጓዋ ላይ የተወውን ምልክት እያየች፣ የተናገረችው ነገር ራሷ ላይ ዞረባት። ሐኪሙ ጋ የተቀመጡበት ትዝ አላት። ሐኪሙ «ስንት ልጆች አሉዎት?» ሲል እሷ ከእናቷ አጠገብ ሆና ሁለት ጣቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር፤ ሆን ብላ አይደለም፣ እናቷ እንዳታፍር ብላ ነው። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ሲል ከንፈሯ ቀድሞ ተንቀሳቅሷል። ማሙሽ ሲመጣም በሩን ስትከፍት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እማዬ፣ ማሙሽ መጣ! ሚስቱም አለች!» ትላለች፤ ከዚያ ሶፋው ክንድ ላይ፣ ከእናቷ ጎን ትቀመጥና ወሬው ሊደነቃቀፍ ሲል ቃል ታቀብላለች። «ያ የገዛው መኪና፣ ነጩ» ትላለች። እናትየው «አዎ፣ ነጩ መኪናህስ?» ትላለች። ማሙሽ ምን ያድርግ? እሱ ፊት እናቱ አንድ ቀን ጎድላ አታውቅም። የእናቷ ማራገቢያ እሷው ራሷ ነበረች። ዛሬ አጠገቧ አልቀመጥም ብላ ወሰነች። ነገሩ እናቷን ሰው ፊት ማዋረድ መሆኑንም ታውቀዋለች።

ማሙሽና ሚስቱ ሲደርሱ ገና አልጨለመም። ሊፍቱ ከተበላሸ ስለቆየ ማሙሽ የሕፃኑን ጋሪ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ እያለከለከ ነው የገባው። ታላቅየዋ በሩን ከፍታ «ግቡ» ብቻ አለች። እናትየው ደህና ቀሚሷን ለብሳ ሳሎኑ መሀል ቆማለች። ሦስቱንም አየቻቸው፣ ከዚያ ወደ ሴት ልጇ ዞራ ጠበቀች። ልጇ የጋሪውን ጎማ ታያለች። «እንኳን ደህና መጣችሁ! ግቡ፣ ግቡ የኔ ጌቶች፤ ቤት የእግዜር ነው!» አለች እናትየው በደማቅ ድምፅ። ማሙሽ «መንገደኛ አደረግሽን እንዴ እማዬ!» ብሎ ሳቀና ሳማት። ሚስቱ ሕፃኑን አንሥታ አሳቀፈቻት። የእናትየው እጆች አልረሱም፤ አንዱ ከአንገቱ ሥር ገባ፣ ሌላው ከመቀመጫው፣ ገላዋም ራሱ መወዛወዝ ጀመረ። ልጁ ወዲያው ጸጥ አለ። ማሙሽ ቅንድቡን አንሥቶ እህቱን አያት። «ምን ጎደላት እትዬ? እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ጎደላት?»

«ሻይ ላምጣ» አለችና ወደ ኩሽና ሄደች።

የኩሽናው በር ከእናትየው መኝታ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ መሀላቸው ያለችው ጠባቧ ኮሪደር ብቻ ናት። ታላቅየዋ ብርጭቆ እየደረደረች የሳሎኑን ወሬ ትሰማለች። ስለ ሕፃን ዳይፐር ዋጋ ተወራ፣ ስለ ሊፍቱ ተወራ። እናትየው «ይገርማል»፣ «እንዲህ ነው ዘመኑ» ትላለች፤ ለሁሉም የሚሆን ቃል አታጣም። «እማማ፣ እንቅልፍ እየወሰደው ነው መሰለኝ፤ አልጋ ላይ ያስተኙልኝ?» አለች ሚስትየዋ። እናትየው «እሹሩሩ» እያለች በኮሪደሩ አለፈች። ታላቅየዋ በበሩ ክፍተት ታያታለች። አልጋው ላይ ቀን ከገመድ የተነሣ ንጹሕ ልብስ ተቆልሏል። እናትየው ልጁን ከልብሱ መሀል አስተኛችው፣ በሚገባ አስተኛችው። ቀና ስትል ልብሱን አየች። አንድ ሸሚዝ አነሣች፣ አጠፈች። የትራስ ልብስ አነሣች፣ አጠፈች። ወፍራሙን ፎጣ አነሣች፣ ለአራት አጥፋ በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገችውና ልጁ ፊት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ መብራቱን አጥፍታ፣ ቀሚሷን አስተካክላ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

ታላቅየዋ ኮሪደሩን እንዴት እንደተሻገረች አታውቅም። ፎጣውን ገፋ ስታደርገው ልጁ አልተኛም፤ ዓይኑን ከፍቶ በጨለማው ውስጥ ያያታል። መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ነው!» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ጥርሷን ነከሰችበት። ከሳሎን የሶፋው ድምፅ መጣ፤ እናቷ ተቀመጠች።

«ተኛ እማማ?» አለች ሚስትየዋ።

«ማን?»

«ልጁ ነዋ።»

«የትኛው ልጅ?» አለች እናትየው።

ማሙሽ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠ። «እማዬ፣ አትቀልጂ፤ ልጁን የት አደረግሽው?»

«ማሙሽ ትምህርት ቤት ነው» አለች እናትየው፣ ለእንግዳ እንደሚያስረዳ ሰው በትሕትና። «እህቱ ልታመጣው ሄዳለች፤ አሁን ይመጣሉ።»

ከዚያ ወንበር ወደቀ። ሚስትየዋ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተበረገደ፣ የተቆለፈው የበረንዳ በር ተንገጫገጨ፣ ማሙሽ «እማዬ! እማዬ!» ይላል። ታላቅየዋ ያንን ጊዜ «እዚህ ነው» አለች። ሚስትየዋ መብራቱን አብርታ ልጇን ከእጇ ሥር መነተፈችው። ልጁም ማልቀስ ጀመረ። «እዚህ ቆመሽ እየሰማሽ ነበር? እየሰማሽ ዝም አልሽ?» አለቻት።

«አዎ» አለች ታላቅየዋ። ማሙሽ በሩ ላይ ቆሞ ለአራት የታጠፈውን ፎጣ ያያል። እህቱ ፎጣው ለምን እዚያ እንደተገኘ ነገረችው፤ ነገሩን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። እሱም ስለ ጠዋቱ ቃሉ አላነሣም፣ እሷም አላነሣችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ በመጨረሻ። «ነገርኩህ እኮ» አለችው። ሚስቱ ቀድማ ወረደች። ማሙሽ እናቱን ጉንጯን ስሞ፣ ጋሪውን ተሸክሞ፣ ለጋሪው የሚናገር ይመስል «የሰኞው… ሰው እንፈልጋለን እንግዲህ» ብሎ ወጣ።

ሻዩ ቀዝቅዟል። ታላቅየዋ የወደቀውን ወንበር አቆመችና እንደ ወትሮው ሶፋው ክንድ ላይ ተቀመጠች። ያለችው ሁሉ እውነት ሆኖላታል፤ እንደ ዛሬ ግን አፍራ አታውቅም። እናትየው እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ወለሉን ስታይ ቆየችና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

«ምኑን እማዬ?»

«ማን እንደመጣ። ሁልጊዜ ትነግሪኝ የለ?» አለች። «አየሁሽ እኮ። ዓይንሽን አዞርሽብኝ።»

ታላቅየዋ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ለካ እናቷ ታውቅ ነበር። በመስኮቱ ወደ ታች ስታይ የማሙሽ መኪና መብራቱ በርቷል፣ ግን አልተነሣም። ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። እናትየው ስልኩን አየችው፣ ከዚያ ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

«ማሙሽ ነው እማዬ» አለች ታላቅየዋ። «ልጅሽ።»

የእናትየው ፊት በራ። ማጉያውን ከፍታ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «ወዬ ማሙሽዬ! እንዴት ነህ የኔ ጌታ? ምነው እንዲህ ጠፋህ፣ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አትልም?» አለች።

በማጉያው የሚሰማው የሕፃኑ ለቅሶ ብቻ ነበር።